ያረጁ ዶዘሮችና የዘይት ማቀዝቀዣ፦ ጊዜያዊው መላ ቋሚ እንዳይሆን

በገጠር መንገድ ግንባታ፣ በመስኖ ቦይ ቁፋሮና በእርሻ መሬት ምንጣሮ ከሚሰማሩ ከባድ መሣሪያዎች መካከል በብረት ሰንሰለት ወይም በመካኒኮች አጠራር በካቴና የሚንቀሳቀሰው ትራክተር ቀዳሚውን ሥፍራ ይይዛል። ከፊቱ የአፈር መግፊያ ሰሌዳ ሲገጠምለት ዶዘር ተብሎ የሚጠራው ይህ መሣሪያ ተገቢው ጥገና ከተደረገለት ለበርካታ አሥርት ዓመታት ማገልገል የሚችል በመሆኑ፣ ከተመረተ 30 እና 40 ዓመት ያለፈው ዶዘር በሥራ ላይ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ዕድሜው የገፋ መሣሪያ ግን የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። ከእነዚህም አንዱ የሞተር ዘይት ማቀዝቀዣ፣ በጋራዥ ቋንቋ ኦይል ኩለር የሚባለው ክፍል መበሳት ነው። ክፍሉ በአገር ውስጥ ገበያ በቀላሉ ካልተገኘ ከውጭ ማስመጣት የግድ ይሆናል፤ ይህም የውጭ ምንዛሪና ጊዜ ይጠይቃል። በዚህ መካከል ሰኔ እየቀረበ፣ ከክረምቱ በፊት ሊጠናቀቅ የታቀደው መንገድ እየዘገየ ይሄዳል። በመሆኑም ከጥገና ክፍሉ ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ አንድ አጭር ማስታወሻ ይደርሳል፦ “የዘይት ማቀዝቀዣው ባይፓስ ተደርጎ ማሽኑ ወደ ሥራ እንዲመለስ ይፈቀድልን”።

ማስታወሻው አጭር ቢሆንም የሚያስከትለው ውሳኔ ቀላል አይደለም። ጥያቄውን የሚፈርመው ኃላፊ አብዛኛውን ጊዜ መካኒክ አይደለም፤ ከውሳኔው በኋላ ሞተሩ ቢነክስ ግን ተጠያቂነቱ ከእርሱ አያልፍም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ባይፓስ ማድረግ ማለት ምን እንደሆነ፣ መቼ ተቀባይነት እንዳለው፣ መቼ ፈጽሞ ሊፈቀድ እንደማይገባና ሲፈቀድም በምን ገደብ መሆን እንዳለበት ለአስተዳደር ሠራተኞችና ለሥራ ኃላፊዎች ግልጽ በሆነ መንገድ ማስረዳት ነው።

ከትራክተሩ ታሪክ በጥቂቱ

ባለ ካቴናው ትራክተር ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ቤንጃሚን ሆልት የተባለው አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው በካሊፎርኒያ ግዛት ስቶክተን ከተማ አቅራቢያ በእንፋሎት የሚሠራ ባለ ሰንሰለት ትራክተር የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1904 ነበር። ምክንያቱም የአካባቢው የእርሻ መሬት እጅግ ለስላሳ በመሆኑ ከባዶቹን ባለ ጎማ የእንፋሎት ትራክተሮች እየዋጠ በማስቸገሩ ነው። የሆልት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1925 ከተወዳዳሪው የቤስት ድርጅት ጋር ተዋሕዶ ካተርፒላር የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ፤ ኩባንያው በናፍጣ የሚሠራውን የመጀመሪያውን ትራክተር እ.ኤ.አ. በ1931 ለገበያ አቀረበ።

የናፍጣ ሞተር በመጣ ጊዜ መሐንዲሶችን ከፈተኑት ችግሮች አንዱ የዘይት ጉዳይ ነበር። በወቅቱ የነበረው ዘይት የናፍጣ ሞተርን ሙቀት መቋቋም ስላልቻለ እየተቃጠለ በፒስተን ቀለበቶች ዙሪያ ይጋገርና ቀለበቶቹን አጣብቆ ይይዛቸው ነበር። የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1935 ዴሎ በሚል ስያሜ ለናፍጣ ሞተር ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት ለገበያ ማቅረቡም ለዚሁ ችግር መፍትሔ ለመስጠት ነው። ይህ ታሪክ የሚያስገነዝበው ዘይትን ከከፍተኛ ሙቀት መጠበቅ ለናፍጣ ሞተር ከመነሻው ጀምሮ የህልውና ጥያቄ መሆኑን ነው።

በአገራችን የተደራጀ የአውራ ጎዳና ሥራ የተጠናከረው ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገዶች ማደሻ 5 ሚሊዮን ዶላር ያበደረው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፣ ብድሩ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። በተከታዩ ዓመት ማለትም በ1943 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ተራራማ በሆነው መልክዓ ምድራችን መንገድ ለመክፈት አፈርና ድንጋይ መግፋት ግድ በመሆኑ፣ ዶዘር የመንገድ ሥራችን የማይነጠል አካል ሆኖ ቆይቷል።

የዘይት ማቀዝቀዣ ተግባር

የሞተር ዘይት ሥራው ማለስለስ ብቻ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። እውነታው ግን ዘይት አምስት ተግባራትን በአንድነት ማከናወኑ ነው፦ ያለሰልሳል፤ ያቀዘቅዛል፤ ያጸዳል፤ በፒስተን ቀለበትና በሲሊንደር መካከል ያለውን ክፍተት ይዘጋል፤ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል። የራዲያተር ውሃ ሊደርስባቸው የማይችሉትን የክራንክሻፍት መቀመጫዎችንና የፒስተን ሆድን እንዲሁም ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ የቱርቦውን ዘንግ የሚያቀዘቅዘው ዘይቱ ነው።

ዘይቱ ከእነዚህ ክፍሎች የሰበሰበውን ሙቀት የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት። ከፊሉን ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ቋት ማለትም በኮፓው ግድግዳ በኩል ለነፋስ ይለቃል። ይህ በቂ በማይሆንበት ጊዜ ማቀዝቀዣ ይጨመርለታል። ማቀዝቀዣው ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንደኛው ከራዲያተሩ ጎን ወይም ፊት ለፊት ተቀምጦ ዘይቱን በነፋስ የሚያቀዘቅዝ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከሞተሩ ጎን ተገጥሞ ዘይቱን በራዲያተሩ ውሃ የሚያቀዘቅዝ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ውስጥ የቀጫጭን ቱቦዎች እስር ወይም የተደራረቡ ሳህኖች ይገኛሉ፤ በአንዱ ወገን ዘይት በሌላው ወገን ውሃ ያልፋል፤ ሁለቱን የሚለያቸው ስስ ብረት ብቻ ነው።

የሙቀቱን መጠን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የናፍጣ ሞተር ከነዳጁ ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሲሶ ገደማውን ነው። ስለዚህ 100 ኪሎ ዋት ጉልበት የሚሰጥ ሞተር በሙሉ ጭነት ሲሠራ 300 ኪሎ ዋት ያህል የነዳጅ ኃይል ይወስዳል። ከዚህ ውስጥ 4 በመቶው ብቻ በዘይቱ በኩል ይወጣል ብንል 12 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ይህም እያንዳንዳቸው 3 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት ከሚወስዱ ሦስት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣዶች ሙቀት ይበልጣል። በኮፓው ውስጥ 25 ሊትር ዘይት ቢኖርና ሙቀቱ ምንም መውጫ ቢያጣ፣ የዘይቱ ሙቀት በየደቂቃው 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በጨመረ ነበር። በእርግጥ ኮፓው ከሙቀቱ ከፊሉን ስለሚያስወጣ ጭማሪው በዚህ ፍጥነት አይቀጥልም፤ ይሁን እንጂ ስሌቱ ማቀዝቀዣው የተሸከመው ኃላፊነት ምን ያህል እንደሆነ ያመለክታል።

ብልሽቱ እንዴት ይታወቃል?

በውሃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ሲበሳ ዘይትና ውሃ ይገናኛሉ። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ የዘይቱ ግፊት በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ባር ሲሆን የውሃው ግፊት ግን ከ1 ባር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ዘይቱ ወደ ውሃው ይገባል፤ ራዲያተሩ ሲከፈትም ከላይ የተንሳፈፈ ዘይት ወይም ቡናማ ዝቃጭ ይታያል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ የዘይቱ ግፊት ወዲያውኑ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ የሞቀው ውሃ ግፊት ግን ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል። በዚህን ጊዜ ፍሰቱ ይገለበጥና ውሃው ወደ ዘይቱ ይገባል። ማሽኑ ቀን ሲሠራ ውሎ ሌሊት የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃ የገባበት ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል። ቀላሉ የምርመራ ዘዴ ማሽኑ አድሮ ጠዋት ሳይነሳ የኮፓውን ማፍሰሻ ብሎን በጥንቃቄ ማላላት ነው፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል፤ ካለም ቀድሞ የሚወጣው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ኃላፊዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነጥብ አለ። ዘይትና ውሃ የተቀላቀሉት የግድ በማቀዝቀዣው ምክንያት ላይሆን ይችላል። የተቃጠለ የቴስታታ ጋስኬት፣ የተሰነጠቀ ቴስታታ ወይም የሊነር ማሸጊያ ጎማ መበላሸትም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ጥፋቱ ከእነዚህ በአንዱ ከሆነ ማቀዝቀዣውን ባይፓስ ማድረግ ምንም አይፈይድም፤ ማሽኑ በተበከለ ዘይት እንዲሠራ ከመፍቀድ የተለየ ውጤት አይኖረውም። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ወልቆ አንደኛው በር ተደፍኖ፣ በሌላው በኩል በመጠኑ የታመቀ አየር ተሰጥቶት ውሃ ውስጥ መጠመቅና አረፋ ማውጣት አለማውጣቱ መታየት ይኖርበታል። ይህ ፍተሻ ከግማሽ ቀን በላይ የሚወስድ አይደለም። የፍተሻ ውጤት ያልተያያዘበት የባይፓስ ጥያቄ ለውሳኔ አልደረሰም ማለት ነው።

ባይፓስ ማድረግ ማለት ምንድን ነው?

በአብዛኞቹ ሞተሮች ዘይቱ የሚጓዝበት መስመር ተከታታይ ነው። ፓምፑ ዘይቱን ከኮፓው ስቦ ወደ ማቀዝቀዣው፣ ከማቀዝቀዣው ወደ ፊልትሮ፣ ከፊልትሮው ወደ ዋናው የሞተሩ የዘይት መስመር ይልካል። ባይፓስ ማድረግ ማለት ዘይቱ ወደ ማቀዝቀዣው ሳይገባ ከፓምፑ በቀጥታ ወደ ፊልትሮው እንዲያልፍ ማገናኘት ነው።

ብዙ ሞተሮች ለዚሁ ተግባር ከፋብሪካ የተገጠመ ቫልቭ እንዳላቸው ማወቅ ይጠቅማል። ጠዋት ዘይቱ ቀዝቅዞ ሲወፍር ወይም ማቀዝቀዣው ሲደፈን በስፕሪንግ የተያዘው ቫልቭ ተከፍቶ ዘይቱን በአቋራጭ ያሳልፋል። ዓላማው ሞተሩ ለአፍታም ቢሆን ዘይት እንዳያጣ ነው። ይህ ቫልቭ ግን የተሠራው ለአጭር ጊዜ እንጂ የሙሉ ቀን ሥራን ለመሸከም አይደለም።

በአሠራሩ ላይ ሦስት ከባድ ስህተቶች ሊፈጸሙ ይችላሉ። የመጀመሪያው የማቀዝቀዣውን መግቢያና መውጫ እያንዳንዱን ለብቻው መድፈን ነው። መስመሩ ተከታታይ በሆነበት ሞተር ይህ ማለት የዘይቱን መንገድ መዝጋት ሲሆን፣ ክራንክሻፍቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሊነክስ ይችላል። ትክክለኛው አሠራር ሁለቱን በሮች የውስጥ ስፋቱ ከመጀመሪያው መስመር በማያንስ ቧንቧ እርስ በርስ ማገናኘት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የውሃውን ወገን ሳያጤኑ መዝጋት ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ከውሃ ፓምፑ የሚወጣው ውሃ በሙሉ ወደ ሞተሩ የሚገባው በዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ አልፎ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር የውሃው መንገድ ከተደፈነ ዘይቱን ለማዳን ሲባል ቴስታታው ይቃጠላል። ስለዚህ የውሃው መስመርም እንደ ሞተሩ ዓይነት ወይ መደፈን ወይ በቧንቧ መቀጠል እንዳለበት ከአምራቹ የጥገና መጽሐፍ መረጋገጥ ይገባዋል።

ሦስተኛው ስህተት የራዲያተር ጎማ ወይም የተገኘውን ቱቦ በክላምፕ አስሮ መጠቀም ነው። የውሃ ጎማ ትኩስ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። ከ100 ዲግሪ በላይ የሞቀ ዘይት በግፊት ወጥቶ ትኩስ ማርሚታ ላይ ቢረጭ የሚያስከትለው እሳት ነው። ጥቅም ላይ መዋል ያለበት የብረት ቧንቧ ወይም ለትኩስ ዘይትና ለግፊት ተብሎ የተሠራ የሃይድሮሊክ ቱቦ ብቻ ነው።

ምን ይታጣል?

ባይፓስ የሚታየውን ችግር አስወግዶ የማይታይ ችግር ይተካል። ራዲያተር ውስጥ የተንሳፈፈ ዘይት በዓይን ይታያል፤ የዘይት ሙቀት ግን መለኪያ ካልተገጠመለት በስተቀር አይታይም።

ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወፍራም የነበረው ቁጥር 30 ዘይት በ100 ዲግሪ ውፍረቱ ወደ አሥረኛ እጅ ገደማ ይወርዳል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ሞተሩም የተነደፈው ለዚሁ ነው። ሙቀቱ ወደ 120 ዲግሪ ከዘለቀ ግን ከቀረው ውፍረት ላይ እንደገና ሲሶ ያህሉን ያጣል። በአዲስ ሞተር ላይ ይህ ሊታገሥ ይችል ይሆናል። ዕድሜው በገፋ ሞተር ላይ ግን በክራንክሻፍቱና በመቀመጫዎቹ መካከል ያለው ክፍተት አስቀድሞ የሰፋ በመሆኑ፣ የቀጠነው ዘይት በፍጥነት ሾልኮ ይወጣል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ብረት ከብረት ይነካካል። ባይፓስ የሚጠየቅለት ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው መሆኑ አደጋውን እጥፍ ያደርገዋል።

ከዚህም በላይ ዘይት ሲሞቅ በፍጥነት ያረጃል። በባለሙያዎች ዘንድ በተለመደው ግምታዊ ሕግ መሠረት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዘይቱ የመበላሸት ፍጥነት በእጥፍ ያድጋል። በዚህ ስሌት ለ250 ሰዓት ያገለግል የነበረ ዘይት ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር በ60 ሰዓት ገደማ ሊያበቃለት ይችላል። የዘይት መቀየሪያ ጊዜው ሳይለወጥ ባይፓስ ማድረግ ግማሽ ሥራ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

የአገራችን የአየር ጠባይም የራሱን ጫና ያሳድራል። በሁመራ፣ በጋምቤላና በአፋር ቆላማ አካባቢዎች የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ወራት፣ በኮፓው ግድግዳ በኩል የሚወጣው ሙቀት ይቀንሳል። በደጋው ደግሞ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ቀጭን ነው። እንደ አዲስ አበባ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሥፍራ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ክፍት ውሃም የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለሆነም “አካባቢው ደጋ ስለሆነ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም” የሚለው መከራከሪያ ብቻውን ውኃ አይቋጥርም።

መቼ ይፈቀዳል? መቼስ አይፈቀድም?

በአሜሪካና በአውሮፓ ጥንታዊ ባለ ካቴና ትራክተሮችን ለቅርስነት ጠብቀው የሚያቆዩ ባለቤቶች የተበሳ ማቀዝቀዣን ባይፓስ አድርገው ለዓመታት መጠቀማቸው የተለመደ ነው። ይህ ልምድ ግን በቀጥታ ሊቀዳ አይገባም። እነዚያ ትራክተሮች የሚነሡት በዓመት ለጥቂት ሰዓታት፣ ለትርኢት ወይም ለቀላል ሥራ ነው፤ ሞተራቸውም ቀስ ብሎ የሚዞርና ቱርቦ የሌለው ነው። በቀን 8 ሰዓት ዐለት የሚገፋ ዶዘር ከእነርሱ ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

በመሆኑም ባይፓስ ተቀባይነት የሚኖረው ማሽኑን ከሥራ ቦታ ወደ ጋራዥ ለማድረስ፣ መንገድ የዘጋን ናዳ ለማንሳትና መሰል አስቸኳይ ሥራዎችን ለመፈጸም፣ ወይም መለዋወጫው እስኪደርስ ለተወሰነ ጊዜ ቀላል የድልደላ ሥራ ለማከናወን ነው። ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር በሙሉ ጭነት እንዲሠራ በባይፓስ መፍቀድ ግን ሞተሩን አውቆ እንደ መሸጥ ይቆጠራል።

አንድ ሌላ ልዩነትም በግልጽ መታወቅ አለበት። ቀጥታ ፍሪሲዮን ካላቸው ከቀድሞዎቹ ትራክተሮች በስተቀር፣ በርካታ ዶዘሮች ኃይሉን በዘይት የሚያስተላልፍ ቶርክ ኮንቨርተር አላቸው፤ ለእርሱም ከሞተሩ የተለየ የራሱ ዘይት ማቀዝቀዣ ተገጥሞለታል። ዶዘሩ እየገፋ ካቴናው ሳይንቀሳቀስ ሲቀር የሞተሩ ጉልበት በሙሉ ማለት ይቻላል በዚያ ዘይት ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ የትራንስሚሲዮን ወይም የቶርክ ኮንቨርተር ዘይት ማቀዝቀዣን ባይፓስ አድርጎ ማሽኑን ማሠራት በምንም ሁኔታ ሊፈቀድ አይገባም። ጥያቄው ሲቀርብ “የትኛው ማቀዝቀዣ ነው?” ብሎ መጠየቅ የኃላፊው የመጀመሪያ ተግባር ነው።

ከፊርማ በፊትና በኋላ

ውሳኔው በእርግጥ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ በሚከተሉት ገደቦች መታጀብ ይኖርበታል።

አንደኛ፣ የማቀዝቀዣው ፍተሻ ውጤት በጽሑፍ መያያዝ አለበት። ሁለተኛ፣ የተበከለው ዘይትና ፊልትሮው ሙሉ በሙሉ መቀየር፣ ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ያለ ጭነት ሠርቶ ዘይቱ እንደገና መለወጥ ይገባዋል። በራዲያተሩ ውስጥ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ማለትም ግላይኮል ከነበረ ይህ እርምጃ ይበልጥ አስፈላጊ ነው፤ ግላይኮል ከዘይት ጋር ሲቀላቀል የሚያጣብቅ ዝቃጭ ፈጥሮ የዘይት መተላለፊያዎችን ይደፍናልና። የውሃው መስመርም ዘይት በሚያስለቅቅ ማጽጃ መታጠብ፣ በዘይት ያበጡ ጎማዎች መቀየር አለባቸው።

ሦስተኛ፣ በዘይቱ ላይ የሙቀት መለኪያ መገጠም አለበት። የዘይቱ ሙቀት 110 ዲግሪ ሲደርስ ኦፕሬተሩ ጭነቱን እንዲቀንስ፣ 120 ሲደርስ ሥራ አቁሞ ሞተሩን ያለ ጭነት እያሠራ እንዲያቀዘቅዝ መታዘዝ ይኖርበታል፤ አምራቹ ከዚህ ያነሰ ገደብ ካስቀመጠ የአምራቹ ይከበራል። የዘይት ግፊት ጌጁም መሥራቱ መረጋገጥ አለበት፤ በተለይ ዘይቱ በሞቀበት ሰዓት ያለው ንባብ በየዕለቱ መመዝገብ ይገባዋል። ንባቡ ከቀን ወደ ቀን እየወረደ ከሄደ ማሽኑ መቆም አለበት።

አራተኛ፣ የዘይት መቀየሪያው ሰዓት ቢያንስ በግማሽ ማጠር አለበት። ከቁጥር 30 ወደ ቁጥር 40 ዘይት መለወጥ ሊረዳ ይችላል፤ ሆኖም ወፍራም ዘይት በደጋው ጠዋት ሞተሩን ለማስነሳት ስለሚያስቸግር የአምራቹን የዘይት ሠንጠረዥ መከተል ያስፈልጋል። አምስተኛ፣ ፈቃዱ የማብቂያ ቀንና የሥራ ሰዓት ጣሪያ ሊኖረው ይገባል። ስድስተኛ፣ ባይፓስ የተደረገ መሆኑ በማሽኑ ማኅደር ውስጥ መመዝገብና በኦፕሬተሩ ፊት በሚታይ ቦታ ላይ በጽሑፍ መለጠፍ አለበት።

የመጨረሻው ነጥብ በተለይ ትኩረት ያሻዋል። ኦፕሬተር ይቀየራል፣ መካኒክ ይዛወራል፣ ኃላፊም ይሾማል ይሻራል። ያልተመዘገበ ጊዜያዊ መላ ሰዎቹ ሲሄዱ አብሮ ይረሳል፤ ማሽኑም ማቀዝቀዣ እንደሌለው ማንም ሳያውቅ በቀጣዩ በጋ ወደ ቆላ ይላካል። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንዲሉ፣ ብዙ ሞተሮች የሚጠፉት ባይፓስ በተደረገበት ቀን ሳይሆን ባይፓሱ በተረሳበት ጊዜ ነው።

ዘላቂው መፍትሔ

ባይፓስ ጊዜ መግዣ ከሆነ የተገዛው ጊዜ ለጥገና መዋል አለበት። የቱቦ እስር ያለው ማቀዝቀዣ ከተበሳ የተበሱትን ጥቂት ቱቦዎች ለይቶ በሁለቱም ጫፍ መድፈን ይቻላል፤ የተደፈኑት ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ እስካላለፉ ድረስ የማቀዝቀዝ አቅሙ ብዙም አይጎዳም። ሥራው ራዲያተር በሚያድሱ ወርክሾፖች ሊከናወን የሚችል ሲሆን፣ ተጠናቆ ሲመለስም በአየር ግፊት እንደገና መፈተሽ አለበት። ሌላው አማራጭ ለማሽኑ ጉልበት የሚመጥን በነፋስ የሚሠራ ማቀዝቀዣ መግጠም ነው። ይህ የዘይቱንና የውሃውን ግንኙነት ጨርሶ ስለሚያስቀር ላረጁ ማሽኖች ምቹ ነው። ሞተሩ ቀደም ሲል ነክሶ የነበረ ከሆነ ግን አሮጌውን ማቀዝቀዣ አጥቦ መመለስ አይመከርም፤ በጠባብ ቱቦዎቹ ውስጥ የተደበቁ የብረት ብናኞች በእጥበት ተጠርገው ስለማይወጡ አዲስ የታደሰውን ሞተር ተመልሰው ሊያበላሹት ይችላሉ።

ከሁሉም በላይ የብልሽቱን ምንጭ ማድረቅ ይገባል። ማቀዝቀዣ በአብዛኛው የሚበሳው ከውሃው ወገን በዝገት ተበልቶ ነው። ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ያለ ፀረ ዝገት ፈሳሽ በራዲያተር ሲሞላ ብረቱ ቀስ በቀስ ይበላል፤ ማዕድኑም በቱቦዎቹ ላይ ይጋገራል። በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ በርካታ የከርሰ ምድር ውሃዎች ማዕድን የበዛባቸው በመሆናቸው በዚያ ለሚሠሩ ማሽኖች ጉዳዩ የበለጠ ያሳስባል። ንጹሕ ወይም የተጣራ ውሃ ከፀረ ዝገት ፈሳሽ ጋር መጠቀም የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ሞተር እድሳት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በአጠቃላይ የዘይት ማቀዝቀዣን ባይፓስ ማድረግ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በአግባቡ ከተሠራና ገደብ ከተበጀለት የቆመን ሥራ ሊያስቀጥል የሚችል መላ ነው። ጥፋት የሚሆነው ያለ ፍተሻ ሲፈቀድ፣ ያለ መለኪያ ሲሠራና ያለ ማብቂያ ቀን ሲቀጥል ነው። በመሆኑም የከባድ መሣሪያዎችን ሥምሪትና ጥገና የሚመሩ የሥራ ኃላፊዎች እንዲህ ያለውን ማስታወሻ ሲፈርሙ የመለዋወጫውን ግዥ ትዕዛዝም በዚያው ቀን ሊፈርሙ ይገባል። ፈቃዱና የግዥ ትዕዛዙ አንድ ላይ ከተጓዙ ማሽኑም መንገዱም ይተርፋሉ፤ ፈቃዱ ብቻውን ከሄደ ግን የሕዝብ ሀብት የሆነው ሞተር በማይታይ ሙቀት እየተበላ መሆኑ የሚታወቀው ከቆመ በኋላ ይሆናል።